ለቱርቦ መኪና ኤታኖል የሌለበት ጋዝ ወይስ ተራው 93? በሳንቲም እንቁጠረው

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቱርቦ ያለው፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚጨመርበት፣ ፈጣን መኪና የገዛ ጓደኛ ሁሉ ገና ታርጋው ሳይመጣለት ይደውልና «ኤታኖል የሌለበት ጋዝ የት ነው የሚሸጠው?» ይለኛል። ጋዝ እዚህ ቤንዚኑ ነው፣ ኤታኖል ደግሞ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀል አልኮል። አንዱ የገዛው ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ነው፣ ሌላው ጎልፍ ጂቲአይ፣ ሌላው ደግሞ ያገለገለ ቢኤምደብሊው 335። ጥያቄው ግን ያው ነው። በስልክ መመለሱ ስለሰለቸኝ ጽፌው ልገላገል። በየቀኑ ለምትነዱት መኪና ተራውን 93 ቅዱ፤ 93ቱ የኦክቴኑ ቁጥር ነው፣ ቤንዚኑ ሞተሩን ሳያንኳኳ ለመንደድ ያለው አቅም። ኤታኖል ቢኖርበትም ቅዱ።

በኤታኖል ላይ ያለው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። አገር ቤት መኪና የነዳ ሰው ቤንዚን ተቀላቅሏል ሲሉት ቶሎ የሚታየው ላምባ ነው። ላምባ ኦክቴን ይገድላል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይንኳኳል። ኤታኖል ግን ኦክቴኑ ከቤንዚኑ ስለሚበልጥ ሥራው የዚያ ተቃራኒ ነው። ደግሞስ መች ለእኛ እንግዳ ሆነና! እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀመረ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ያኔ በከተማው ቤንዚን የቀዳ ሁሉ ኤታኖል ነድቷል፤ ስንቱ እንዳወቀው እንጃ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ። እዚህ አሜሪካ በየማደያው የሚቀዳው ጋዝ አብዛኛው 10 በመቶ ድረስ ኤታኖል አለበት፤ ኢ10 የሚሉት እሱን ነው። ኤታኖል በጋሎን የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ በድብልቁ የምትሄዱት ማይል 3 በመቶ ግድም ይቀንሳል። ኤታኖል የሌለበትን የሚያሻሽጡ ሰዎች ይህቺን 3 በመቶ ነው የሚያራግቡት። እውነት ነው፣ ግን አስሏት። 93ቱ ጋሎኑ 4 ዶላር ነው እንበል፤ የዚያ 3 በመቶ 12 ሳንቲም ነው። ኤታኖል የሌለበቱ 4 ዶላር ከ12 ሳንቲም ከተሸጠ እኩል ወጣችሁ፣ ከዚያ ካለፈ እየከሰራችሁ ነው። በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ማደያ ካገኛችሁ ደውሉልኝ፣ እኔም ጄሪካን ይዤ እመጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ነው የሚጨምሩበት።

በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳና በጋሎን 24 ማይል ለሚሄድ መኪና እንየው። በተራው 93 ከሆነ በዓመት 500 ጋሎን ትቀዳላችሁ፣ 2,000 ዶላር። ኤታኖል የሌለበቱ 4 ከ80 ቢሆን ደግሞ 485 ጋሎን ይበቃችኋል፣ ግን 2,328 ዶላር ትከፍላላችሁ። ለ328 ዶላር ምን አገኛችሁ? በየቀኑ የሚነዳ ዘመናዊ ሞተር ልዩነቱን አያውቀውም።

መንገዱንም አትርሱ። ዲሲና ዙሪያዋ፣ ፌርፋክስም ፕሪንስ ዊልያምም ሳይቀሩ፣ ለአየር ጥራት ሲባል የተለየ ቅንብር ያለው ቤንዚን የሚሸጥባቸው አካባቢዎች ስለሆኑ ኤታኖል የሌለበት በቅርብ ማግኘት ጭንቅ ነው። የሚፈልጉት ሰዎች ከዚህ ራቅ ወዳሉት ከተሞች፣ ወደ ፍሮንት ሮያልና ወደ ኩልፔፐር ይወጣሉ። ከአሌክሳንድሪያ ፍሮንት ሮያል ደርሶ መልስ 130 ማይል ግድም ነው፤ 14 ጋሎን ለመቅዳት ከ5 ጋሎን በላይ ማቃጠል ማለት ነው። የሼናንዶዋን ፓርክ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ እሺ።

ዋጋው ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ ኦክቴን ላይ ነው። ኤታኖል የሌለበት የሚለው ጋዝ ብዙ ቦታ የተዘጋጀው ለጀልባ፣ ለሣር ማጨጃና ለሞተር ሳይክል ስለሆነ ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ስታዩ 87 ወይም 89 ወይም 90 ነው። 93 የሆነ አይጠፋም፣ ግን ተፈልጎ ነው። የደብሊውአርኤክሱ ጓደኛዬ «ንጹሕ» የሚለውን እንጂ ቁጥሩን አላየም። መኪናው ቢያንስ 91 ይፈልጋል፣ እሱ 90 ሞላበት፤ በሐምሌ ሙቀት፣ ኤሲ ከፍቶ፣ አራት ሰው ጭኖ። መኪናው ሲነሳ ከበደው። የወሰደበት ጋራዥ ካንዴላና ቦቢና አስቀየረው። ያውም ቦቢናዎቹ ከኢንተርኔት በሩብ ዋጋ «ኦሪጅናል» ብሎ ያዘዛቸው ናቸው። ካርቶኑን አምጥቶ ሲያሳየኝ ጽሑፉን በአውራ ጣቴ ብፈትገው ለቀቀ። ከኦሪጅናል ሣጥን ላይ ቀለም በጣት አይለቅም። ወር ሳይሞላ ከአራቱ አንዱ ሞተ፣ መኪናው በሦስት ሲሊንደር እየተንቀጠቀጠ መጣ።

በመጨረሻ አክሰስፖርት የሚባለውን የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ሰክተን አየነው። ሱባሩ ዳም የሚሉት ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሩ በጋዙ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚያሳይ፣ ጤነኛ ሲሆን 1 ላይ የሚቀመጥ። የእሱ 0.75 ላይ ነበር። ሞተሩ መንኳኳት ሲሰማ ራሱን ለማዳን የካንዴላውን እሳት አዘግይቷል፣ ጉልበቱም በዚያው ሄደ። ኦሪጅናል ቦቢና ገባለት፣ ሁለት ታንክ ተራ 93 ከማደያ ተቀዳለት፣ ቁጥሩ ወደ 1 ተመለሰ። ለጋራዡና ለውሸቱ ዕቃ የወጣው ብር ግን አልተመለሰም።

በዚህ መሐል «ኦክቴን መጨመሪያ ጠርሙስ ልጨምርበትስ?» የሚል ይመጣል። ጠርሙሱ ላይ 5 ፖይንት ይጨምራል ብሎ ይጻፋል፤ 90ው 95 የሚሆን ይመስላችኋል። በእነሱ አቆጣጠር ግን አንድ ፖይንት ማለት የኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው፣ ስለዚህ 90ው 90.5 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዋጋ በየታንኩ ጠርሙስ ከምትገዙ 93 ቅዱ።

ኤታኖል ለቱርቦ የሚሰጠው ጥቅምም አለ። ሲተን ከቤንዚን የበለጠ ሙቀት ስለሚስብ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። መኪናቸውን ቲዩን የሚያስደርጉ፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ለበለጠ ጉልበት የሚያስተካክሉ ሰዎች፣ እስከ 85 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ኢ85 ፍለጋ የሚዞሩት ለዚህ ነው። ይህን ሰምታችሁ ቲዩን ባልተደረገ መኪና ላይ ኢ85 እንዳትሞሉ ብቻ። 88 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውንም ተዉት። እሱ ኢ15፣ እስከ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነው፤ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች ተፈቅዷል፣ ግን የአንዳንድ መኪኖች ማኑዋል ከ10 በመቶ በላይ አይቀበልም፣ ኦክቴኑም ለእኛ መኪና አይበቃም።

ባለ 335ቱ ደግሞ «ኤታኖል የቢኤምደብሊውን የቤንዚን ፓምፕ ይገድላል» የሚል ወሬ ሰምቶ ነው የደወለው። የዚያ ሞተር ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ በብዛት መሞቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያው መኪኖቹን ለጥገና ጠርቷል፣ የፓምፑንም ዋስትና 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አድርሶታል። ችግሩ የፓምፑ የራሱ ነበር። ዋስትናው አሁን አልፏል። ስለዚህ የምትገዙትን 335 ባለቤት ስለሚቀዳው ጋዝ ከመጠየቅ፣ ፓምፑ መቼና በምን ዓይነት ፓምፕ እንደተቀየረ ደረሰኝ አምጣ በሉት።

ኤታኖል የሌለበት የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፣ አልክድም። መኪናው ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የሚቆም ከሆነ እሱን ሞልታችሁ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያቆይ ኬሚካል ጠብ አድርጉበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለዩና ታንኩ ሥር ይተኛሉ፣ ከላይ የቀረው ቤንዚንም ኦክቴኑ ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው የድሮ ሙስታንግ ካላችሁም እንዲሁ፤ የዚያ ዘመን የጎማ ቱቦ ኤታኖል አይችልም። ቱቦውን ማስቀየር ግን ዕድሜ ልክ ውድ ጋዝ ከመግዛት ይረክሳል፤ ላዩ ላይ 30አር9 የሚል የታተመበትን ጠይቁ።

ገዝታችሁም አትመኑ። መስመር ያለው መስታወት ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ ደርቡበት፣ ክደኑና ነቅንቁ፣ ከዚያ አስቀምጡት። ከታች ያለው ውሃ እዚያው 10 ላይ ከቆመ የተባለው እውነት ነው። ወደ 20 ከተጠጋ ግን ኤታኖሉ ወደ ውሃው ወርዷል፣ «የሌለበት» ብላችሁ የከፈላችሁበት ተራ ኢ10 ነው። አንድ የገጠር ማደያ የሸጠልኝን እንዲህ አድርጌ ነው የያዝኩት። ባለቤቱ ሳቀና «የማደያው ጎተራ ውስጥ ትንሽ ተራ ጋዝ ቀርቶ ይሆናል» አለኝ። ገንዘብ የሚባል ነገር ግን አልመለሰም።

ያንን ብር ሞተር የሚያጸዳ ኬሚካል በደንብ ላለበት ጋዝ አውሉት። ቶፕ ቲር የሚል ምልክት ያለበትን ማደያ ምረጡ፤ የማጽጃው መስፈርት ስም ነው። የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሙከራ፣ ያንን መስፈርት የማያሟላ ጋዝ በ4,000 ማይል ውስጥ ከሚያሟላው 19 እጥፍ ቆሻሻ ሞተሩ ውስጥ አስቀምጧል። ኮስትኮ ቶፕ ቲር ነው፣ ፕሪሚየሙም እኛ ጋ 93 ነው፣ ከሬጉላሩ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነትም ከሌላው ማደያ ያነሰ ነው። ሰልፉ ያናድዳል እንጂ፣ ያ ሰልፍ ጋዙ ጎተራ ውስጥ አርጅቶ እንደማይቀዳላችሁ ዋስትና ነው።

ይህን ስታነቡ ታንካችሁ በ90 ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ አትድፉት። ግማሽ እስኪደርስ በቀስታ ንዱ፣ ዳገት ላይና ሀይዌይ መግቢያ ላይ አትርገጡት፣ ከዚያ በ93 ሙሉት። ሁለቱ ሲደባለቁ 91 ተኩል ግድም ይሆናል፣ ለሱባሩም ይበቃዋል።