ብሌንደር፣ የእጅ ብሌንደር ወይስ ማጥለያ? ምግብ ለሚጀምር ሕፃን የቱን እንግዛ

ልጃቸው ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ደብረ ብርሃን ያሉ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው ይደውላሉ፦ «የትኛውን ብሌንደር ልግዛ?» መልሴም አንድ ነው። ብሌንደሩን ተዪው፤ ጥሩ የስቴንለስ ማጥለያ ግዢ፤ የተረፈሽን ብር ለእንቁላልና ለሥጋ አድርጊው።

ከዋጋው ልጀምር። እዚህ ከተማ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ስጠይቅ ተራው ባለ ጆግ ብሌንደር ከ3,500 እስከ 6,000 ብር ተባልኩ። ድስቱ ውስጥ ገብቶ የሚፈጨው የእጅ ብሌንደር ከ2,800 ብር ይጀምራል። የሾርባ ሳህን ስፋት ያለው የስቴንለስ ማጥለያ 300 ብር ነው፤ ጠንክሮ ለተከራከረ 250 ይገባል። እናንተ ስትጠይቁ ዋጋው ጨምሮ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን የትም አይሄድም። በአንድ ብሌንደር ዋጋ ከአሥር በላይ ማጥለያ ይገዛል።

ደግሞ ብሌንደር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምግብ የሚጀምር ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚበላው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። ይህን ያህል ድንች ጆጉ ውስጥ ጨምራችሁ አስነሱት። ቢላው አንዴ ዞር ሲል ድንቹ ሄዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ቢላው ባዶውን ይጮኻል። ክዳኑን ከፍታችሁ በማንኪያ ወደ ታች ትገፋላችሁ፣ መልሳችሁ ታስነሳላችሁ። አሁንም እምቢ ሲል ውሃ ይጨመራል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ውሃ ነው። የልጁ ሆድ ትንሽ ናት፤ በቀጭን ምግብ ከሞላች ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ቦታ አያገኝም። የሕፃን ምግብ ማንኪያው ላይ ሲወጣ መቆም አለበት፤ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ መፍሰስ የለበትም።

ማጥለያ ውሃ አይፈልግም። በደንብ የበሰለውን ካሮት ላዩ ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ታሹታላችሁ። ከሥር የሚወርደው ልስልስ ያለ ነው፤ ማጥለያውን ገልብጣችሁ በማንኪያ ጠረግ ታደርጉታላችሁ። የአተሩ ገለፈትና የቆስጣው ጅማት ከላይ ይቀራል። ብሌንደር ግን ገለፈቱንም አብሮ ይፈጨዋል፤ ድንቹንም ብዙ ካሽከረከረው እንደ ሙጫ ያደርገዋል። ከወፈረባችሁ በጡት ወተት ማላላት ነው። የካሮቱ ጣዕም ለልጁ ይበቃዋል፣ ጨውም ስኳርም አያስፈልገውም። ማርማ ዓመት ሳይሞላው ጭራሽ አይሰጥም።

«አልወርድ አለኝ» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጥለያው አይደለም፣ የአገራችን ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት ቶሎ የሚበስል ክክ እዚህ ሲንተከተክ ይውላል። ካሮቱን አድቅቃችሁ ክተፉት፣ ክኩን አሳድራችሁ ዘፍዝፉት። በሺህ የሚቆጠር ብር ካላችሁ ደግሞ በእሱ ፕሬዠር ግዙ። ለልጁም ለባቄላውም ለሽሮው ክክም ያገለግላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

አሁን ወደ ፎርጂዱ። ካርቶኑ ላይ «4,500 ዋት» የሚል ብሌንደር በየሱቁ ሞልቷል። አትመኑት። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ 16 አምፔር የሚችል ሶኬት ቢሸከም ቢሸከም ከ3,520 ዋት አያልፍም። እንጀራ የሚጋግረው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። ካሮት ለመፍጨት ከምጣድ የበለጠ ኃይል ምን ያደርጋል? ቁጥሩን የሚዋሽ ሰው ጎማውንና ቢላውን አሳምሮ ሠርቷል ብዬ አላምንም።

ለአራስ ጥየቃ የመጣልኝ እንዲህ ያለ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ካሮቱ ላይ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ታየ። በጣቴ ሳሸው ቅባት ነው። ከቢላው ሥር ያለው ጎማ ለቆ የመዘውሩ ግሪስ ወደ ልጄ ምግብ እየገባ ነበር! ሻጩ «ከካርቶኑ ከወጣ አንመልስም» አለ። ጠጋኙ ደግሞ ጎማው ለብቻው አይገኝም፣ ከነጆጉ ከመርካቶ ይምጣ፣ 1,500 ብር አለኝ። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚመጣ መለዋወጫ፣ ያውም ለሁለት ወር ሥራ! ስምንት ወር ሲጠጋ እኮ ልጁ በሹካ የተዳመጠ ምግብና በእጁ ይዞ የሚበላው ልስልስ ነገር መለማመድ አለበት። ልስልሱን ለዘላለም አይበላም።

ማጥለያ የማይችለው ሥጋን ነው። የበሰለ ጉበትና የእንቁላል አስኳል ይወርዳሉ፤ ቀይ ሥጋ ግን አይወርድም። እሱን አድቅቆ ከትፎ፣ በደንብ ቀቅሎ በንጹሕ ሙቀጫ መውቀጥ ይቻላል። መውቀጡ የሚከብዳት እናት የእጅ ብሌንደር ብትገዛ አልቃወምም፤ ከባለ ጆጉ መቶ ጊዜ ይሻላል፣ ትንሽ ምግብም ይፈጫል። ዘንጉ ግን ብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩ ትኩስ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሱቁ ውስጥ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አስነሥተው ያሳዩአችሁ፤ ውሃው ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ጥላችሁ ውጡ።

«ብሌንደር ካለ ብዙ ፈጭቼ አስቀምጣለሁ» የሚለው ሐሳብም መብራት በሚጠፋበት ቤት አያዋጣም። ብርዱን ተማምናችሁም ምግቡን ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ፤ የልጅ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም።

ማጥለያም ፎርጂድ አለው፤ 100 ብር የሚባለው እሱ ነው። መሐሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ወንፊቱ ከጠርዙ ከተላቀቀ ወይም የሽቦ ጫፍ እጃችሁን ከወጋ አትውሰዱት፣ ሽቦዋ ተሰብራ ምግቡ ውስጥ ትገባለች። ቤት ያለውንም ከመጠቀማችሁ በፊት ሁልጊዜ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ አንድ ቀዳዳ ሰፍቶ ካያችሁ ለሻይ አድርጉትና ለልጁ ሌላ ግዙ።