ሴስና 172ኤስ፦ ሞተሩ ቢጠፋስ?

ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ ኤርፖርት በሴስና 172ኤስ፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ በረራ እየተማርኩ ነው። ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?» ስለ ምቾቱና ስለ ፍጥነቱ ሌሎች ብዙ ብለዋል። እኔ በዚህ ጥያቄ ልመዝነው።

ሞተሩ ቢጠፋም ቁልቁል አይወርድም። ፍጥነቱን 68 ኖት (በሰዓት 68 የባሕር ማይል) ላይ ከያዛችሁት፣ ነፋስ ከሌለ፣ በየ1,000 ጫማው ከፍታ አንድ ተኩል የባሕር ማይል ያህል እየተንሸራተተ ይሄዳል። 3,000 ጫማ ላይ ከሆናችሁ ወደ አራት ደቂቃ አላችሁ። ብዙ ነገር ይሠራበታል።

ለልምምድ አስተማሪዬ ሳይነግረኝ ጋዙን (የሞተሩን ጉልበት) ጥርግ አድርጎ ይቀንሰዋል። እጅ ወዲያው ቁልፍ መነካካት ያምረዋል። መጀመሪያ ግን ፍጥነት፣ ቀጥሎ ሜዳ፣ ከዚያ ነው ቁልፉ። የነዳጅ መምረጫው «ሁለቱም» ላይ (ከሁለቱም ክንፍ ታንኮች እንዲመጣ)፣ ረዳት የነዳጅ ፓምፑ ይብራ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር መመጠኛው) ነዳጅ እስከሚበዛበት ጥግ፣ ማግኔቶው (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) ሁለቱም ላይ። ይሄ የነዳጅ መምረጫው «ሁለቱም» የሚለው ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ክንፋቸው ከታች የሆነ ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ አብራሪው ራሱ ታንክ መቀያየር አለበት። አንዱ ታንክ ነዳጅ እያለው ሌላው ስላለቀ ብቻ ሞተር የጠፋባቸው አሉ።

ክንፉ ከላይ ስለሆነ መሬቱ ወለል ብሎ ይታያል። ወደ ሜዳው ስትዞሩ ግን ያ የወረደው ክንፍ ሜዳውን ይጋርደዋል፤ ይሄ ያናድዳል። እዚሁ አካባቢ ባለችው በዋረንተን ከተማ በኩል ከላይ ለስላሳ የሚመስለው የፈረስ ግጦሽ ደግሞ ዝቅ ሲሉ አጥር በአጥር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሩቅ አይታይም፤ ምሰሶውን ፈልጉ።

ፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው) በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማስተር ማብሪያውን (የኤሌክትሪኩን ዋና ማብሪያ) ከፍላፑ በፊት ካጠፋችሁት ፍላፕ የለም። መሬት ከመንካታችሁ በፊት በሩን ከመቆለፊያው አላቁት፤ የአውሮፕላኑ አካል ከተጣመመ በሩ ተነክሶ አልከፈት ሊል ይችላል።

ጉድለቱስ? በበጋ ውስጡ ይፈላል። ሁለት ደንዳና ሰዎች ከተቀመጡ ትከሻ ለትከሻ ነው። ከበረራ በፊት ነዳጅ እየቀዱ ውኃ መኖሩን የሚያዩባቸው 13 ቦታዎች አሉ፤ ብርድ ላይ ይሰለቻል። ግን አንዱንም አልዘልም፤ ነዳጅ ውስጥ የገባ ውኃ ሞተር ያጠፋል።

ስለ ልምምዱም አንድ ነገር ልበል። ጋዝ ተቀንሶ የሚዞር ሞተር ትንሽም ቢሆን ያግዛል፤ የእውነቱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ከለመዳችሁት ፈጥኖ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ስንለማመድ ደግሞ 500 ጫማ አካባቢ ስንደርስ ጋዝ ሰጥተን እንነሳለን። የመጨረሻዋን ክፍል አናያትም፤ ከባዷ ግን እሷ ናት።

ለመጀመሪያ ትምህርት ከዚህ የተሻለ አውሮፕላን አልመክርም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፦ ጋዝ ቀንሳችሁ ማኮብኮቢያው ላይ እስክታርፉ ድረስ ያሠራችኋል? የኔ አስተማሪ ያሠራል። «አናሠራም» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።