ታንዛኒያ ለእረፍት፦ ሴሬንጌቲ ወይስ ዛንዚባር?

ታንዛኒያ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ጊዜው አጭር ከሆነ ሁለቱንም ለመጨረስ አትሩጡ አንዱን ምረጡ። ሴሬንጌቲ (የዱር እንስሳት ፓርኩ) ብር ይበላል፣ የፓርክ መግቢያው መኪናው ጋይዱ ማደሪያው ሁሉም ውድ ነው፣ ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ ዋይልድቢስት (በሬ የሚመስል የዱር እንስሳ) ሳር ፍለጋ ሲተም ማየት ሌላ ነገር ነው፤ ማራ ወንዝን ሲሻገሩ ለማየት ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሲወልዱ ለማየት ደግሞ የካቲት ላይ ደቡቡ ንዱቱ አካባቢ። መንገዱ አቧራና መንገጫገጭ ስለሆነ ወገቡን የሚያመው ሰው ያስብበት።

ዛንዚባር (ደሴቱ) ቀለል ይላል። ከዳሬሰላም በጀልባ 2 ሰዓት ገደማ ነው፣ የኛ አየር መንገድም ይበርበታል። ስቶን ታውን (አሮጌው ከተማ) የሚያምረው በእግር ነው፣ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጹ የእንጨት በሮች፣ ማታ ፎሮዳኒ (ባሕር ዳር ያለው መናፈሻ) ላይ የሚጠበስ አሳ (ዋጋውን መጀመሪያ ጠይቁ!)። ሕዝቡ ባብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በዋና ልብስ ከተማ መግባት ነውር ነው፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ቀን መንገድ ላይ አትብሉ። በምስራቅ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ይርቃል፣ መዋኘት የፈለገ ሰሜን ኑንግዊ ይሂድ።

ሁለቱም ጋ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ነው። ፌስታል ከ2019 እ.ኤ.አ ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይገኝ። እኔ ብሩ ካለ ሴሬንጌቲ ነው የምለው፣ ቢችማ ሌላም ቦታ አለ።