ፖሊስቶን ወይስ ፒቪሲ? ለልዕለ ጀግና ሐውልት ሰብሳቢዎች

የባትማን ሐውልት ሲገዙ ከዋጋው በፊት ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ፖሊስቶን የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ) ነው፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ የጡንቻውንና የካባውን እጥፋት ጥርት አድርጎ ያሳያል። ፒቪሲ ቀላልና ትንሽ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ነው።

የፖሊስቶን ጠላት መውደቅ ነው። ጣትና የካባ ጫፍ ቀድመው ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ክንዱን ወይም ካባውን ይዘው አያንሡት፣ መቆሚያውን ከሥር ይደግፉ። ትንሽ ስብራት በሱፐር ግሉ ይያዛል። ክብደት የሚሸከም ክንድ ከሆነ ግን ማጣበቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱንም ወገን በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስቶ ቀጭን የናስ ሽቦ ማስገባት፣ ከዚያም በኤፖክሲ ማጣበቅ ያስፈልጋል። በ1/4 ልኬት (በገጸ ባሕሪው ቁመት አንድ አራተኛ) የተሠራው ከ10 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ስስ የመስታወት መደርደሪያ አይመቸውም።

ፒቪሲ ቢወድቅም ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዳው ሙቀት ነው። በአንድ እግሩ የቆመ ስፓይደርማን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ከከረመ ቁርጭምጭሚቱ ይጎብጣል። እግሩን ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ነክረው ያቃኑት፤ እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ዓመታት የቆየ ደግሞ ማለስለሻ ኬሚካሉ ወደ ላይ እየወጣ ገላው እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ይታጠባል።

ልጆች ላሉበት ወይም ቤት ለሚቀያይር ሰው ፒቪሲ ይሻላል። ለአንድ ትልቅ፣ ከቦታው ለማይነሳ ሐውልት ግን ፖሊስቶንን የሚተካከለው የለም፤ ብቻ ታሽጎ የመጣበትን ፎም አይጣሉ።