የካንሰር ስጋት የሚያሰላው አፕ፦ ጉበት ላይ ጎበዝ፣ ጨጓራ ላይ ችኩል

ስንት እንደምትጠጡ ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ በየትኛው ካንሰር የመያዝ ዕድላችሁ በስንት እንደሚጨምር በቀለም ያሳያችኋል። ነፃ ነው። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ያወረድኩትም ተማሪዎቼ ስለነዘነዙኝ ነው። "ቲቸር፣ ጨጓራዬን ቀይ አደረገብኝ፤ እውነት ነው?" ይሉኛል። መጠጡን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ቀዩ ግን ከየት መጣ?

መጀመሪያ ደህናውን ልናገር። አፑ ፈጣን ነው፣ ማስታወቂያ አያበዛም። ስለ ጉበት፣ ስለ ምግብ ቧንቧ፣ ስለ ጡትና ስለ ትልቁ አንጀት የሚለውም ልክ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛው ምድብ ውስጥ የከተተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጨጓራ ግን ኤጀንሲው "ማስረጃው በቂ ነው" ካላቸው ካንሰሮች መካከል የለም። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ትንሽ ገፋ አድርጎ፣ በቀን 45 ግራም ያህል አልኮል ወይም ከዚያ በላይ መጠጣት በጨጓራ ካንሰር የመያዝ ዕድልን ሳይጨምር አይቀርም ብሏል። ይህ "ሳይሆን አይቀርም" አፑ ላይ የለም። ጨጓራውም ጉበቱም አንድ ዓይነት ቀይ ነው።

በቀን አንድ መጠጥ ብዬ ሞላሁ። ለጨጓራ ካንሰር 20 በመቶ ጭማሪ አለኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ 59 ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትንተና ላይ አለ። ግን እዚያ 20 በመቶው በቀን አራትና ከዚያ በላይ ለሚጠጡ ሰዎች ነው። ጠጪዎችን በሙሉ ከማይጠጡት ጋር ሲያወዳድሩት የተገኘው 7 በመቶ ነበር። አፑ የከባድ ጠጪውን ቁጥር ለሁሉም አድሏል።

7 በመቶዋም ብትሆን የምትታመነው እንደ አጠያየቁ ነው። ከ59ኙ ጥናቶች 44ቱ የተሠሩት ሰዎቹ ከታመሙ በኋላ ነው። ታማሚውንም ጤነኛውንም "ድሮ ስንት ትጠጣ ነበር?" ይሏቸዋል። የታመመ ሰው ምክንያት ፍለጋ ያለፈውን ሲያገላብጥ ያድራል፤ ጤነኛው እንደነገሩ መልሶ ይሄዳል። ይህ ቁጥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። በሌላ በኩል ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ሰዎች በሌላ በሽታ ሆስፒታል የተኙ ከሆኑ፣ አንዳንዶቹን እዚያ ያደረሳቸው ራሱ መጠጡ ሊሆን ይችላል። ያኔ ልዩነቱ ይጠብና ቁጥሩ ይወርዳል። እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚጎተት ነገር ላይ አንድ ደረቅ ቁጥር ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

"ትጠጣለህ?" የሚለው ጥያቄ ደግሞ አዎ እና አይ ብቻ ነው ያለው። ሐኪም ከልክሎት ባለፈው ዓመት ያቆመ ሰው "አይ" ይላል፤ አፑም በሕይወቱ ቀምሶ ከማያውቀው ጋር ይደባልቀዋል። ይህ በሽታ የአፑ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የቆዩ ጥናቶችም አለባቸው። ታመው ያቆሙ ሰዎች "የማይጠጡ" ተብለው ሲቆጠሩ የማነጻጸሪያው ቡድን ራሱ ሕመምተኛ ይሆናል። ጠጪው ከጎኑ ሲቆም ጤነኛ ይመስላል።

ሲጋራ አይጠይቅም። ይሄ ነው በጣም ያናደደኝ። የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያጨሳል፤ ሲጋራ ደግሞ ብቻውን የጨጓራ ካንሰር ያመጣል። ስለ ኤች ፓይሎሪም ዝም ነው። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አንደኛው ምድብ ውስጥ ያለ፣ የጨጓራ ካንሰር ዋናው መንስኤ ነው። እሱን ሳይጠይቁ ስለ ጨጓራ ማስላት ምን ይሉታል?

"አንድ መጠጥ" ስንት ግራም አልኮል እንደሆነም አይናገርም። አሜሪካ 14 ግራም ነው፣ የእንግሊዝ አንድ ዩኒት 8 ግራም ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡ ውጤቱ ይዛባል።

ደግሞስ የምን 20 በመቶ? ከ1000 ሰው 10 የሚታመም ቢሆን፣ 20 በመቶ ሲጨመርበት 12 ይሆናል። ተማሪዎቼ ከ100 ሰው 20 ይታመማል ብለው ነበር የተረዱት። አልፈርድባቸውም፤ ስክሪኑ የሚለው እንደዚያ ነው።

ለሠሪዎቹ ጻፍኩላቸው። በትሕትና መለሱ፣ በሚቀጥለው ማሻሻያ እናየዋለን አሉ። ማሻሻያው መጣ፤ ጥቁር ዳራ ጨምረዋል። ቀዩ ጥቁሩ ላይ ይበልጥ ደምቋል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ሁለቱን የቀነስኩት በጨጓራው ገጽ ነው። ስለ ሲጋራና ስለ ኤች ፓይሎሪ መጠየቅ ከጀመረ፣ ያቆመውን ሰው ጠጥቶ ከማያውቀው ከለየ፣ አንዱን እመልስለታለሁ።