«400 ኪሎ ሜትር» ከኮምቦልቻ ሲለካ፦ የኤስ-400 እና የፓትሪዮት ግምገማ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ስለ አየር መከላከያ ወሬ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የሩሲያው ኤስ-400 ነው፤ ስሙን ተከትሎም «400 ኪሎ ሜትር ይመታል» የሚለው ቁጥር ይመጣል። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ ይጨበጣል። በአየር ሲለካ ደግሞ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ በወረቀት ላይ ኮምቦልቻ የተተከለ አንድ ባትሪ (ራዳርና አስወንጫፊዎች ያሉት አንድ የተኩስ ክፍል) ከመዲናዋም አልፎ የሚጠብቅ ይመስላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ የሚሞከር አይደለምና፣ ይህ ግምገማ የሚመረኮዘው አምራቾቹ ባወጡት መግለጫ፣ በጦር ሜዳ በታየው ውጤትና ማንም ተቀምጦ ሊያሰላው በሚችለው የራዳር ሒሳብ ላይ ነው። መለኪያው ቦታ ኮምቦልቻ የሆነበት ምክንያት፣ የዕቃው ጠባይ ከሜዳ ይልቅ በተራራ መሃል ስለሚገለጥ ነው።

ኤስ-400 በሩሲያ ጦር አገልግሎት ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የተጫነ ስብስብ ነው፤ ሩቅ ቃኚ ራዳር፣ ዒላማ ተከታትሎ ሚሳኤሉን የሚመራ ሌላ ራዳር፣ የማዘዣ ተሽከርካሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው አራት ቱቦ የተሸከሙ አስወንጫፊዎች አሉት። ገዢ ሊያስተውለው የሚገባው፣ 400 ኪሎ ሜትር የአንድ ሚሳኤል፣ የ40ኤን6፣ ቁጥር እንጂ የስብስቡ ሁሉ አለመሆኑን ነው። የ48ኤን6 ቤተሰብ እስከ 250፣ 9ኤም96ኢ2 እስከ 120፣ ታናሹ 9ኤም96ኢ ደግሞ እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ዒላማው ባለስቲክ ሚሳኤል፣ ማለትም ወደ ሰማይ ተወንጭፎ በታላቅ ፍጥነት ቁልቁል የሚወርድ ሚሳኤል፣ ከሆነማ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ርቀት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ በቡና ቤት ክርክር ይህኛውን ቁጥር የሚጠቅስ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሚሳኤሉ የት ይደርሳል ሳይሆን ራዳሩ ምን ያያል የሚለው ነው። የራዳር ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። የአንቴናውንና የዒላማውን ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ የሁለቱንም ስኩዌር ሩት ደምሮ፣ ድምሩን በ4.12 ማባዛት ራዳሩ የሚያየውን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። አንቴናው 25 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢወጣና አውሮፕላኑ በ10,000 ሜትር ከፍታ ቢበር ውጤቱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ 400 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ያው አንቴና በ50 ሜትር ከፍታ የሚመጣን ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚበር ሚሳኤል) የሚያየው ግን 50 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው። ሚሳኤሉ በሰከንድ 250 ሜትር የሚበር ከሆነ፣ ለማየት፣ ለመለየት፣ ለመወሰንና ለመተኮስ ያለው ጊዜ በሙሉ ከሦስት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መሬቱ እንደ ምጣድ ልሙጥ ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ከደሴም በላይ የጦሳ ተራራ አለ። ራዳሩ ሸለቆው ውስጥ ተተክሎ በደሴ በኩል ያለው ተራራ 3 ዲግሪ ብቻ ቢከልለው፣ በዚያ አቅጣጫ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን የሚታየው ከራዳሩ በላይ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከወጣ ብቻ ነው። የበሽሎን ሸለቆ ተከትሎ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ነገርማ ተራራውን ተሻግሮ አናት ላይ እስኪደርስ ድረስ ለራዳሩ የለም። 400 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፈው ሚሳኤል ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

«ታዲያ ራዳሩን ጦሳ ላይ ማውጣት ነዋ» የሚል ይኖራል። በከፊል ልክ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ አፋር ቆላ ያለው እይታ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከገደሉ ሥር ያሉት ሸለቆዎች ግን ከላይ ሆነውም አይታዩም። አምራቹ ስብስቡ ከጉዞ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ለተኩስ ይዘጋጃል ይላል። አምስቱ ደቂቃ የሚቆጠረው ግን ቦታው ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ የሐረጎን ዳገት የጫነ ተሳቢ ተከትሎ የወጣ ሰው ወደ 40 ቶን የሚጠጋ አስወንጫፊ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ እንዴት ቦታ እንደሚቀያይር መገመት አይቸግረውም። ቦታ መቀያየሩ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ራዳር ሞገድ በላከ ቁጥር ያለበትን ይናገራልና። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በኦገስትና በሴፕቴምበር 2023 ክራይሚያ ውስጥ የኤስ-400 ክፍሎችን መትታለች። የዝቅታውን እይታ በእውነት የሚያሻሽለው ከአየር ላይ ቁልቁል የሚመለከት ራዳር የተሸከመ አውሮፕላን ሲሆን፣ እርሱ ከዚህ ዋጋ ውጭ የሚገዛ ሌላ ዕቃ ነው።

ኤስ-400 የሚመሰገንበት ቦታ ሌላ ነው። ከፍ ብለው በዝግታ የሚበሩ ትልልቅ አውሮፕላኖች፣ ማለትም ቃኚዎች፣ ነዳጅ አቀባዮችና ቦምብ ጣዮች፣ በእርሱ ክልል ውስጥ እንደ ልብ ሊዞሩ አይችሉም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025ቱ ግጭት አንድ ትልቅ አውሮፕላን በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት መትቼ ጥያለሁ ብላለች፤ ፓኪስታን አልተቀበለችውም። ባይተኩስም እንኳ ሥራ ይሠራል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው ቢተኩሱም፣ በከተማዋ የነበሩት ጥቂት መሣሪያዎች አብራሪውን ከመረጠው ከፍታ የሚያወርዱ አልነበሩም። ሩቅ መቺ ሚሳኤል በመጀመሪያ የሚነጥቀው ያንን ምርጫ ነው፤ አብራሪው ዝቅ ለማለት ይገደዳል፣ ዝቅ ሲል ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ ለአጭር ርቀት መሣሪያም ይጋለጣል። ይህ የሚሠራው ግን ከሥር የሚጠብቀው የአጭር ርቀት መሣሪያ ካለ ነው።

የአሜሪካው ፓትሪዮት በርቀት ያንሳል፤ ፓክ-2 የሚባለው ሚሳኤሉ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። ነባሩ ራዳሩም የሚያየው ወደተዞረበት አቅጣጫ፣ 120 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በየሸለቆው መግቢያ ላለው አካባቢ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ዙሪያውን የሚያየው አዲሱ ራዳር ይህን ለማረም የመጣ ነው። በምትኩ ፓክ-3 ኤምኤስኢ የተባለው ሚሳኤል አፍንጫው ላይ የራሱን ራዳር ተሸክሞ፣ ባለስቲክ ሚሳኤልን አካል ለአካል ተላትሞ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2023 ኪየቭ ላይ ኪንዣል የተባለውን ከአውሮፕላን የሚወነጨፍ የሩሲያ ባለስቲክ ሚሳኤል የጣለው ፓትሪዮት ነው። በባለስቲክ ሚሳኤል ረገድ በጦር ሜዳ የተፈተነውን ካየሁ፣ እኔ ወደ ፓትሪዮት አደላለሁ።

እዚህ ለመድረስ ግን ከባድ ዋጋ ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ዳህራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ሲሞቱ፣ በስፍራው የነበረው ፓትሪዮት አንድም ሚሳኤል አልተኮሰም። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር፤ አንድ አሥረኛ ደግሞ በኮምፒውተሩ የ0 እና 1 አቆጣጠር ተጠናቆ አይጻፍም፣ ጥቂት ይቆረጣል። ባትሪው ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ በመሥራቱ የተቆረጠው ተጠራቅሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ራዳሩ የፈለገው ሚሳኤሉ በሌለበት ቦታ ነበር። አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምረው ነበር፤ የተስተካከለው ፕሮግራም የደረሰው በማግስቱ ነው። ሻጮች ስለ ርቀትና ፍጥነት ሲያወሩ፣ ገዢ ደግሞ ስለ ፕሮግራም እድሳትና ስለ ባለሙያ ሥልጠና ይጠይቅ።

የዋጋው ነገር በሁለቱም ዘንድ ያስፈራል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተረከበችው ኤስ-400 የተጠቀሰው ሒሳብ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ሳቢያ ከኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ፕሮግራም ተወግዳለች። አንድ ፓክ-3 ኤምኤስኢ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ በአንጻሩ ዛሬ በመንጋ የሚላኩት ሰው አልባ አውሮፕላኖች በአሥር ሺዎች ዶላር ይሠራሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ፓትሪዮት እያላት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 በአብቃይቅ የነዳጅ ማቀነባበሪያ ላይ ዝቅ ብለው የመጡ ድሮኖችና ክሩዝ ሚሳኤሎች ጉዳት አድርሰዋል።

ለኮምቦልቻ ዓይነት መሬት እንግዲህ ገንዘቡ በቅድሚያ መዋል ያለበት በየሸንተረሩ ላይ በሚተከሉ ትንንሽ ራዳሮችና በአጭር ርቀት መሣሪያ ላይ ነው፤ ሩቅ መቺው ከእነርሱ በኋላ ቢመጣ ያምርበታል። አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ሸለቆ ደግሞ ወገንንና መንገደኛን ከጠላት የመለየት ብቃት ከርቀቱ በፊት መፈተሽ አለበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2001 በዩክሬን ጦር ልምምድ ላይ የተተኮሰ ኤስ-200 ጥቁር ባሕር ላይ የመንገደኞች አውሮፕላን መትቶ 78 ሰዎች ሞተዋል፤ ያም ሚሳኤል የሚወደሰው ሩቅ በመሄዱ ነበር።