ከ«ሪዚዮ» ጀምሩ፦ ስድስት ቀጫጭን የስኮትላንድ ልቦለዶች

ኤድንብራ የሚገኘው ፖሊጎን አሳታሚ ከ2021 ጀምሮ «ዳርክላንድ ቴልስ» በሚል የወል ስም አጫጭር ልቦለዶችን እያወጣ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የዘመኑ ደራሲ ከስኮትላንድ ታሪክ ወይም አፈ ታሪክ አንድ ክፍል ይመርጥና እንደገና ይተርከዋል። መጻሕፍቱ 100 ገጽን ያልፋሉ እንጂ 200 አይሞሉም። አውሮፓ በጋ፣ አገር ቤት ክረምት በሆነበት ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ ተይዞ ማምሻውን የሚያልቅ መጽሐፍ ለሚፈልግ ልክ ናቸው።

ማጠራቸው ግን ለሁሉም እኩል አልበጀም። አንድ ሌሊት ወይም አንድ ደሴት ይዘው የተቀመጡት ጠንክረዋል፤ ዓመታትን ጠቅልለው ሊያስገቡ የሞከሩት ሳስተዋል። ሁሉንም ገዝቶ መደርደር አያስፈልግም።

ስለ ቅደም ተከተሉም አንድ ነገር። የታሪኮቹን ዘመን ተከትሎ ከ825 መጀመር ያምራል፤ ግን አንባቢውን ከማያውቀው ዓለም ላይ ይጥለዋል። የሚሻለው የአንድ ሰው ዕድሜ መከተል ነው፤ የስኮትላንዱን ንጉሥ የጄምስ 6ኛን። «ሪዚዮ» ውስጥ ገና በእናቱ ማሕፀን ነው። «ሄክስ» ውስጥ ጠንቋይ የሚያሳድድ ንጉሥ ሆኗል። «ክዊን ማክቤዝ» የሚተርከው ደግሞ እርሱ ከመወለዱ አምስት መቶ ዓመት በፊት ስለሆነው ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ የሚሟገተው ከሼክስፒር ተውኔት ከ«ማክቤዝ» ጋር ነው። ያ ተውኔት 1606 ገደማ፣ ጄምስ የእንግሊዝንም ዙፋን በያዘ ማግስት የተጻፈ ነው፤ ጠንቋዮቹም ንጉሡ ለጥንቆላ ያለውን ፍላጎት በማሰብ የገቡ ናቸው። ሦስቱ በዚህ መስመር ሲነበቡ አንዱ ለሌላው መግቢያ ይሆናል።

የዴኒዝ ሚና «ሪዚዮ» ከስድስቱ ሁሉ ይበልጣል። ሚና የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ናት፤ እዚህም የያዘችው ወንጀል ነው። ቅዳሜ ማርች 9 ቀን 1566 ማታ፣ የጄምስ እናት ንግሥት ሜሪ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ከጥቂት ሰዎች ጋር እራት ቀርባለች። የባሏ የዳርንሊ ግብረ አበሮች ገብተው ከጣሊያን ምድር የመጣውን ጸሐፊዋን ዴቪድ ሪዚዮን ከፊቷ ጎትተው ይወስዱታል። 56 ጊዜ ተወግቷል ይባላል። የደራሲዋ ብልሃት ቤቱን ማወቋ ነው። የዳርንሊ ክፍል ከንግሥቲቱ በታች ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በግንቡ ውስጥ የተሠራ ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ የእራት ክፍሉ በአንድ ጎኑ አራት ሜትር አይሞላም። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ እንግዶች፣ ከዚያ ላይ የታጠቁ ሰዎች ሲጨመሩ ምን እንደሚሆን አንባቢው በአካሉ ይሰማዋል። ትረካው በአሁን ጊዜ ግስ የተጻፈ ስለሆነም ውጤቱን የሚያውቅ ሰው እንኳ ልቡ ይንጠለጠላል።

ብዙ አንባቢ የሚሰናከለው በስሞቹ ነው። መኳንንቱ በማዕረጋቸው ስለሚጠሩ የመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች ያደናግራሉ። አምስቱን አስቀድሞ መያዝ ይበቃል። ዳርንሊ፦ የንግሥቲቱ ባል፣ ሙሉ የንግሥና ሥልጣን ስላልተሰጠው ያኮረፈ። ሩትቨን፦ ከሕመም አልጋው ተነሥቶ በሌሊት ልብሱ ላይ ጥሩር ደርቦ የመጣው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የሞተው። ሞርተን፦ ቤተ መንግሥቱን በወታደር የከበበው። ቦዝዌልና ሀንትሊ፦ የንግሥቲቱ ወገኖች፣ በዚያው ሌሊት በመስኮት ያመለጡት። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠቡንም ማስታወስ ይረዳል፤ ሜሪ ካቶሊክ ናት፣ አገሩ ግን በ1560 በፓርላማ ፕሮቴስታንት ሆኗል። ወደ ኤድንብራ የሚሄድ ሰው መጽሐፉን ከጉብኝቱ በፊት ቢያነብ ይሻለዋል፤ ክፍሎቹ ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

ጄኒ ፌገን በ«ሄክስ» አንድ ሌሊት ይዛለች፤ ዲሴምበር 4 ቀን 1591፣ ኤድንብራ፣ ከዋናው መንገድ ሥር ያለ የእስር ጉድጓድ። ጊሊስ ዱንካን ሊነጋ ሲል ትሰቀላለች። ታሪካዊቷ ጊሊስ በትራነንት ከተማ የዴቪድ ሴተን ገረድ ነበረች። በሽተኛ ትፈውሳለች፣ ሌሊት ሌሊት ከቤት ትወጣለች ተብላ ተጠረጠረች፤ ጌታዋ ራሱ ጣቶቿን በብረት፣ ጭንቅላቷን በገመድ እያስጨመቀ አናዘዛት። ከእርሷ ኑዛዜ ተነሥቶ ክሱ ተዛመተ፤ ንጉሥ ጄምስም ከዴንማርክ ሚስቱን ይዞ ሲመለስ መርከቡን ያናወጠው ማዕበል የጠንቋዮች ሥራ ነው ብሎ በምርመራው ላይ ተቀመጠ። ነገሩ በራሱ ከበቂ በላይ ነው። ደራሲዋ ግን ከ2021 የመጣች አይሪስ የምትባል ሴት ወደ እስር ቤቱ አስገብታ ከጊሊስ ጋር ታነጋግራታለች። እዚህ ላይ መጽሐፉ ይላላል። አይሪስ ስትናገር አንባቢው ያልጠየቀውን ማብራሪያ ይሰማል፤ በጊሊስ አፍ የሚነገረው የጌታዋ ቤት፣ የገመዱ ሕመም፣ የጨለማው ሽታ ብቻውን በቂ ነበር። ቢሆንም አጭር ነው፤ ቋንቋውም ከስድስቱ ይልቅ ወደ ቅኔ ይጠጋል። በስኮትላንድ ከ1563 እስከ 1736 ጥንቆላ በሕግ ያስገድል እንደነበር፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበው መዝገብም 3,837 ተከሳሾችን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ግን የዚህች አንዲት ልጅ ሌሊት ይከብደዋል።

በቫል ማክደርሚድ «ክዊን ማክቤዝ» (2024) ብዙ ሰው ይጓጓል፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ «ማክቤዝ» ያነበበማ ይልቁን። መጽሐፉ የማክቤዝን ሚስት በስሟ ይጠራታል፤ ግሮኽ። የታሪኩ ማክቤዝ እንደ ተውኔቱ የተኛ እንግዳ አላረደም። ንጉሥ ደንከን በ1040 የሞተው ኤልጊን አጠገብ በጦር ሜዳ ነው፤ ሽማግሌም አልነበረም። ማክቤዝ 17 ዓመት ነገሠ፤ በ1050 ሮም ድረስ ተሳልሞ ለድሆች ገንዘብ እንደበተነ ተጽፏል፤ በ1057 ላምፋናን ላይ ተገደለ። የግሮኽ የፊተኛ ባል በ1032 ከሃምሳ ሰዎች ጋር በእሳት ተቃጥሏል፤ ከእርሱ የወለደችው ሉላኽም ከማክቤዝ በኋላ ጥቂት ወራት ነግሧል። ማክደርሚድ ሦስቱን ጠንቋዮች የግሮኽ ባልንጀሮች አድርጋቸዋለች፤ አንዷ መድኃኒት ዐዋቂ፣ አንዷ ሸማኔ፣ አንዷ ባለ ራእይ። ይህ የመጽሐፉ ምርጥ ሐሳብ ነው፤ ሽሽታቸውም ከልብ ያስሮጣል። ጉድለቱ ያለፈው ዘመን ሲተረክ ይታያል። ባሏ የተቃጠለባት ሴት፣ ምናልባትም አቃጣዩን ያገባች ሴት፣ ምን ተሰማት? መጽሐፉ በፍቅር ጥላ ሸፍኖት ያልፋል። ሼክስፒር ክፉ ያደረጋቸውን ሰዎች ደግ አድርጎ መመለስ ለ17 ዓመት ንግሥና መልስ አይሆንም፤ 140 ገጽ አካባቢም አይበቃውም።

ከጄምስ መስመር የሚወጡት ሦስት ናቸው። ከእነርሱ የሚመረጠው የዴቪድ ግሬግ «ኮሉምባስ ቦንስ» (2023) ነው። ቅዱስ ኮሉምባ በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ ገዳም የመሠረተባት ኢዮና ደሴት በ825 በቫይኪንጎች ትወረራለች። ወራሪዎቹ የሚፈልጉት በወርቅና በብር የተለበጠውን የቅዱሱን አፅም ሣጥን ነው። በእውነተኛው ታሪክ መነኩሴው ብላሕማክ የተቀበረበትን አላሳይም ብሎ ተገድሏል። ደራሲው ከእልቂቱ የተረፉ ሦስት ሰዎች ይዞ ይቀራል፤ ሽንት ቤት ውስጥ የተደበቀ ወጣት መነኩሴ፣ ሞቷል ተብሎ በቁሙ የተቀበረ ቫይኪንግ፣ ንብ የምታንብና ጠጅ የምትጥል ሴት። ጭካኔው ይከብዳል፤ ሳቁም እንደዚያው፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ። ገዳም፣ ንዋየ ቅድሳት መደበቅ፣ የማር ጠጅ፤ በግራኝ ጦርነት ጊዜ የጣና ገዳማት ንዋያተ ቅድሳት እንዴት እንደተሸሸጉ እየሰማ ያደገ አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ የማያስፈልገው እዚህ መጽሐፍ ላይ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፦ በመደበኛ እንግሊዝኛ ምቾት ያለው ሰው አምስቱን ያለ ችግር ያነባል። እዚህም እዚያም የስኮትስ ቃል ይመጣል፤ ቤርን (ልጅ)፣ ከርክ (ቤተ ክርስቲያን)፣ ኬን (ማወቅ)። በስልክ ወይም በታብሌት ላይ የተጫነው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንዳንዶቹን ላያገኛቸው ይችላል፤ «ዲክሽነሪስ ኦፍ ዘ ስኮትስ ላንግዌጅ» የሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ በነፃ ይገኛል። እንግሊዞች «ሎክ» የሚሉት ሐይቅ በስኮትላንዳዊ አፍ «ሎኽ» ነው፤ የትግርኛን ኸ ከጉሮሮው የሚያወጣ ሰው ከለንደኑ ተራኪ በተሻለ ይለዋል።

የአለን ዋርነር «ናቲንግ ሌፍት ቱ ፊር ፍሮም ሄል» (2023) የሚተርከው ዙፋን ይገባኛል ብሎ የተዋጋው ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት በ1746 ከከሎደን ሽንፈት በኋላ በደሴቶቹ መካከል የሸሸበትን አምስት ወር ነው። በራሱ ላይ 30,000 ፓውንድ ተቆርጦ ነበር። ዘፈኖች ያሳመሩትን ሰው ዋርነር እርጥብ ጫማ፣ የተረበሸ ሆድና ትንኝ ውስጥ ይከተዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም፣ ቃላቱ ያረጁ ናቸው፤ ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ከስድስቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በመጨረሻ ይቆይ። ልዑሉ የሴት ቀሚስ ለብሶ ከፍሎራ ማክዶናልድ ጋር በጀልባ የተነሣባት ደሴት ቤንቤኩላ ናት፤ የግሬም ማክሬ በርኔት «ቤንቤኩላ» (2025) ያረፈውም እዚያው ነው። በ1857 አንገስ ማክፊ የተባለ የቀን ሠራተኛ አባቱን፣ እናቱንና አክስቱን ገደለ፤ የሚተርከው ወንድሙ ማልኮም ነው። ቤቱ ጠባብ፣ ተራኪው ያልታመነ፣ ገጹ ጥቂት። «ሪዚዮ»ን የወደደ ሰው ዋርነርን ዘልሎ ወደዚህኛው ቢሄድ አይከፋውም።